የቤታችን ወንጌልና እኔ በዓደን

የወጣሁት እሑድ ጠዋት ነው። በሌሊት እንደ ወጣሁ የሚያወሩ እንዳሉ ሰምቻለሁ፤ ሌባ በጨለማ ነው የሚወጣው ብለው ይሆናል። እኔ ግን የወጣሁት ጀምበር ወጥታ፣ አገሩ ሁሉ ቅዳሴ ገብቶ፣ ታላቅ ወንድሜ ቄስ ወልደ ሐና መቅደስ ውስጥ ቆሞ ሲቀድስ ነው። ቤታችን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር የተጠጋ ስለሆነ ድምፁ ይሰማኝ ነበር። እሱ «ሰላም ለኵልክሙ» ሲል የቤታችንን ወንጌል ከነማኅደሩ ከግድግዳው ችካል አወረድሁ። ሕዝቡ «ምስለ መንፈስከ» ብሎ ሲመልስለት ከበርኖሴ ሥር ሸጉጬ በሩን ዘጋሁት።

ይህን የምጽፈው አንኮበርና በዙሪያዋ ላላችሁ፣ ደግሞም ባሕር ተሻግራችሁ እንደ እኔ በሰው አገር ለምትንከራተቱ ነው። ነገሩን ከሌላ አፍ ሰምታችሁት ይሆናል። ከእኔው ብትሰሙት ይሻላል፤ ሌላው ሰው አዝኖልኝ ቀንሶላችሁ ይሆናልና።

ወንጌሉ የቅድመ አያታችን ነው። እሱ ነው ብራናውን አስፍቆ ያስጻፈው። ከፊትና ከኋላ፣ ደግሞም በሉቃስና በዮሐንስ መካከል፣ ባዶ ቅጠሎች አስተርፎ ነበር። በእነዚያ ላይ ከቤታችን የተወለደ ሁሉ ከነክርስትና ስሙ፣ የሞተ ሁሉ ከነዕለቱ፣ ያገባችው ከነባሏ አገር ተጽፏል። የርስታችን ወሰን፣ ከየትኛው ድንጋይ እስከ የትኛው ወንዝ እንደሆነ፣ እዚያው ነው። አባታችን ዓይኑ ሲደክም የመጻፉ ሥራ ለእኔ ሆነ፤ ቁም ጽሕፈት የተማርሁ እኔ ነበርሁና። ጋሼ ወልደ ሐና ቀደሰ፣ እኔ ጻፍሁ። ስለዚህ መጽሐፉ የእኔም ነው እል ነበር። የጻፈ ሁሉ የእኔ ነው ቢል ኖሮ በአገሩ መጽሐፍ የሚተርፈው ቤተ ክርስቲያን አይገኝም ነበር።

በመጨረሻው ቅጠል ላይ ያለውንም ግዝት ያደስሁት እኔው ነኝ። ቀለሙ ደብዝዞ ስለነበር አባቴ ድገምበት አለኝ፤ «የሰረቀውም የፋቀውም የተወገዘ ይሁን» የሚለውን በቀይ ቀለም፣ ቆንጆ አድርጌ ደገምሁበት።

ጠባችን በልጄ የመጣ ነው። ዘነበች የምትባል ሴት ነበረች፤ የሸክላ ሠሪ ልጅ ናት። እናቷ የምትሠራውን ማሰሮና ጋን ተሸክማ ወደ አልዩ አምባ ገበያ ስትወርድ ነው የተዋወቅን። ሸክላ ሠሪ በአገራችን እንዴት እንደሚታይ ታውቁታላችሁ፤ በሠሩት ማሰሮ ወጥ ይሠራል፣ ከነሱ ጋር ግን አይበላም። እኔ በላሁ። ልጅ ወለደችልኝ፤ ስንዱ አልናት። ጋሼ ክርስትና አነሣት፣ በዚያ አላመነታም፤ ስሟንም ወለተ ኪዳን አላት። ነገር ግን ብዕሬን ይዤ ወንጌሉን ልክፈት ስል እጄን ያዘኝ።

«አትጻፍ» አለኝ።

«ልጄ አይደለችም?»

«ልጅህ ናት። እኔ ነኝ ያጠመቅኋት። ግን ይህ መጽሐፍ የሚታመነው እስከ ዛሬ ማንም ተጠራጥሮት ስለማያውቅ ነው። የሷን ስም ከጻፍህ ነገ የአጎታችን ልጆች መጽሐፉ ሁሉ ሐሰት ነው ይላሉ። ትንሽ ትደግ። ነገሩ ይብረድ።»

ክፉ ሰው አልነበረም። አሁን ሳስበው ፈራ እንጂ አልጠላትም። ያን ጊዜ ግን ደሜ ፈላ፤ ካላስጻፍኸኝ እኔ እወስደዋለሁ፣ ለምነህ ታስመልሰዋለህ፣ በፊትህም ስሟን እጽፋለሁ ብዬ በልቤ ዛትሁ። በዚያው ሰሞን የአልዩ አምባው ነጋዴ ሐጂ ኑርዬ ወደ ባሕር የሚወርድ ጭነት አሰናድተው ጭነት የሚጽፍላቸውና የሚጠብቅ ሰው ይፈልጉ ነበር። እኔ አለሁ አልሁ። ከፋሲካ በፊት እመለሳለሁ ብዬ ነበር፤ እውነቴን ነው።

ቁልቁለቱ ላይ ዘነበች ልጅቷን አዝላ ጠበቀችኝ። በርኖሱ ያበጠበትን አየች፤ ምን እንደያዝሁ ወዲያው ገባት።

«ስሟን ጻፍኸው?» አለችኝ።

«ስመለስ እጽፈዋለሁ፤ በሱ ፊት።»

«ቀለም የለህም?»

ቀለሙ በወገቤ ላይ ነበር። የለኝም አልኋት። ልጅቷ ተኝታ ነበር፤ አልቀሰቀስኋትም፤ ብታለቅስ እንዳልሄድ ፈራሁ።

መንገዱን የሄደበት ያውቀዋል። ከአልዩ አምባ ተነሥታችሁ በፋሬ በኩል ስትወርዱ መጀመሪያ በርኖሱን ታወልቃላችሁ፣ ቀጥሎ ኩታውን፣ ቀጥሎ ቆዳችሁንም ብታወልቁ ደስ ይላችኋል። አዋሽን ስንሻገር ወንጌሉን በበግ ለምድ ጠቅልዬ በራሴ ላይ ተሸከምሁ። የአፋር ግመል ነጂዎች ምን እንደሆነ ጠየቁ፤ ሐጂ ኑርዬ ኪታብ ነው ሲሏቸው ማንም ሊነካው አልሞከረም። ሐጂ ራሳቸው ስሰግድም ስጸልይም አይተውኝ እንዳላዩ ያልፉ ነበር፤ እኔም እንዲሁ። የጨው ባሕሩ ጋ ስንደርስ ከሩቅ ሳየው አመዳይ የወረደበት የገብስ ማሳ መስሎኝ ልቤ ዘለለ። ሲቀርብ ጨው ነው፤ ዓይን ያቃጥላል።

ተጁራ ወደብ ስንደርስ ወባ ጣለኝ። ሐጂ ኑርዬ ሲጠብቁኝ ሰነበቱ፤ ኋላ ግመሎቹ ሊያልቁባቸው ሆነ፣ ለአንድ ባለ ጀልባ አደራ ሰጥተውኝ ተመለሱ። እኔ ስድን መንገዱ በጎሳ ጠብ ተዘግቶ ነበር። እስኪከፈት ሥራ እንድይዝ ብሎ ባለ ጀልባው ወደ ዓደን አሻገረኝ። ዓደን ሲባል አገር ቤት ያላችሁ የአዳም ገነት ይመስላችሁ ይሆናል። እኔም መስሎኝ ነበር። እሳት በልቶት የተረፈ ተራራ አስቡ፤ ዛፍ የለም፣ ሣር የለም፣ ምንጭ የለም። የሚጠጣውን ውሃ የባሕሩን ጨዋማ ውሃ አፍልተው ከእንፋሎቱ ያወጡታል፤ ጣዕሙ የተቀቀለ ድንጋይ ነው። እኛ ዘንድ ጠዋት ጠዋት ከገደሉ ሥር የሚነሣውን ጉም ለአንድ ሰው ባወራለት፣ ቤቱ ተቃጥሎ ነው ወይ አለኝ።

ወደቡ ላይ ስም የሚጽፍ ፈረንጅ ሹም ነበር። ከጎኑ ምጽዋ ኖሮ ጥቂት አማርኛ የለቀመ ተርጓሚ ቆሟል።

«የማን ነህ?» አለኝ ተርጓሚው።

«የእግዚአብሔር።»

ለፈረንጁ ምን እንዳለው አላውቅም፤ ፈረንጁ ግን ጻፈ።

«ጌታህ ማነው?»

«ንጉሡ።»

«ንጉሡ ለማን ሸጡህ?»

አልተሸጥሁም አልሁ። እንግዲያው ማን ነጻ አወጣህ አለኝ። ማንም አላወጣኝም አልሁ። ማንም ካላወጣህ ባሪያ ነህ አለኝ። ነገሩ ሲጣራ ለካ ከእኛ አገር ብቻውን ለሚመጣ ሰው መዝገቡ ሁለት ቦታ ብቻ ነው ያለው፤ አንዱ ለባሪያ፣ አንዱ ነጻ ለወጣ ባሪያ። በሰው እጅ ያልገባ ሰው የሚጻፍበት ቦታ የለም። ከኋላዬ ያለው ሰልፍ ማጉረምረም ጀመረ። ያን ጊዜ ወንጌሉን ፈትቼ ከፈትሁትና የትውልዱን ቅጠል እየጠቆምሁ ስማችንን ከላይ ጀምሬ አነበብሁ፤ እከሌ እከሌን ወለደ፣ እከሌ እከሌን ወለደ፣ እስከ እኔ ድረስ። ፈረንጁ እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ከነዚህ ውስጥ የተሸጠ አለ ወይ ብሎ አስጠየቀኝ። የለም አልሁ። ራሱን አከከና ሌላ መዝገብ አስመጥቶ ጻፈልኝ። ተርጓሚው ሲነግረኝ፣ «ነጋዴ፤ ዕቃው አንድ አሮጌ መጽሐፍ» ይላል አለ። በየዓመቱ እየመጣሁ ዕቃዬን እንዳሳይም ታዘዝሁ።

እንግዲህ ያ መጽሐፍ ከባርነት መዝገብ አወጣኝ። ይህን የምነግራችሁ ኋላ ላደረግሁት ምክንያት እንዲሆነኝ አይደለም፤ ለራሴ ግን ብዙ ጊዜ ምክንያት አድርጌዋለሁ።

ጸሐፊ ነኝ ብል ማን ሊያስጽፈኝ? የእኛን ፊደል የሚያነብ በከተማው እኔ ብቻ ነበርሁ። ለመርከቦቹ ድንጋይ ከሰል በቅርጫት ተሸከምሁ። ማደሪያ የተከራየሁት ኡስታ ይሕያ ከሚባል አይሁዳዊ መጽሐፍ ጠራዥ ሽማግሌ ቤት፣ ከሱቁ በላይ ካለው ሰገነት ነው። እሳቸው ሳልል እሱ እያልሁ ብጽፍ አትታዘቡኝ፤ በዓረብ ቋንቋ አንቱ የሚባል ነገር የለም፣ ለሹሙም ለድመቱም አንተ ነው። መጀመሪያ ሰሞን በዚህ አፌ ይያዝ ነበር።

ኡስታ ይሕያ ያለ ምክንያት የማይቆጣበት ቀን አልነበረም። ሽሮ ብሠራ ሽታው ቆዳዬን ያበላሻል ይላል። ስጾም፣ «ትናንት ጾም፣ ዛሬ ጾም፣ እንግዲህ መቼ ነው የምትበላው? ተከራዩን በራብ ገደለ ይሉኛል» ይላል። ቅዳሜን እሱ አይሠራም፣ እሑድን እኔ አልሠራም፤ «ለሁለታችን አንድ ሳምንት አይበቃንም» አለኝ አንድ ቀን፣ ሳይስቅ። ወንጌሉን ግን ያየ ዕለት ዝም አለ። እጁን ታጥቦ መጣና የቆዳውን ድጉስ፣ ስፌቱን፣ የገበታውን እንጨት ዳሰሰ። ከከሰል ተሸካሚነት ያወጣኝ ያ ዕለት ነው፤ ብራና ማለስለስ ታውቃለህ ብሎ ከሱቁ አስቀመጠኝ።

እዚያ ሱቅ ውስጥ፣ የዓረቡን ጥቀርሻ ቀለም በጥብጬ፣ የልጄን ስም ጻፍሁ። ከእኔ ስም ሥር፣ «ወለደ ወለተ ኪዳንሃ» ብዬ፣ በአገር ቤት ስሟም ስንዱ ብዬ። ጽፌ ስጨርስ የጠበቅሁት ደስታ አልመጣም። ጋሼ የለም፣ ዘነበች የለችም፣ ልጅቷ የለችም፤ ያየኝ ሙጫ የሚያፈላ አንድ ሽማግሌ ብቻ ነው።

መንገዱ በሁለተኛው ዓመት ተከፈተ። አልሄድሁም። በሌባ ስም እንዴት እገባለሁ እል ነበር፤ ደግሞ ዓመት ሲጨመርበት ነገሩ ይከብዳል እንጂ አይቀልም። በሦስተኛው ዓመት ሐጂ ኑርዬ በሥራ ወደ ዓደን ተሻግረው ፈልገው አገኙኝ። ከሱቁ ደፍ ላይ ተቀምጠው ከወንድሜ የተላኩትን ነገሩኝ። የአጎታችን ልጅ ታችኛውን ማሳ የእኔ ነው ብሎ ከሷል። ወሰኑ የተጻፈው በወንጌሉ ላይ ነው፤ የሚያስታውሱት ሽማግሎች ሞተዋል።

«ቄሱ እንዲህ በለው አሉኝ» አሉ ሐጂ። «ግዝቱን ፈትቼዋለሁ። ቂም የለኝም። ቢመጣ ደስ ይለኛል፤ ባይመጣም መጽሐፉን ብቻ ይላክልኝ።»

ወንጌሉ እኛ ከተቀመጥንበት በላይ፣ ከሰገነቱ መደርደሪያ ላይ ነበር። እጄን ብዘረጋ የምደርስበት ያህል ቅርብ ነው።

«ባሕር ወሰደው» አልኋቸው። «ከተጁራ ስሻገር ማዕበል ጀልባዋን መታት። ጠፋ።»

ለምን እንዲህ እንዳልሁ ሰባት ጊዜ ሰባ ምክንያት ቆጥሬያለሁ። ፈረንጁ በየዓመቱ ዕቃህን አሳይ ይለኛል፤ መጽሐፉ ከሄደ ያ የባሪያ መዝገብ ይጠብቀኛል። ይህ እውነት ነው። ግን እውነተኛው ምክንያት ሌላ ነው፤ ወንድሜ ቅጠሉን ገልጦ ያለ ፈቃዱ የጻፍሁትን ስም እንዲያይ አልፈለግሁም፣ እንዲምረኝም አልፈለግሁም። ቂም የለኝም ያለው ቃል ነው የመታኝ። ቢረግመኝ እልክለት ነበር መሰለኝ።

ሐጂ፣ «ባሕር ከወሰደው የአላህ ነው፤ ምን ይደረጋል» ብለው ተነሡ።

ኡስታ ይሕያ አማርኛ አይሰማም። ነገር ግን ባሕር በዓረብኛም ባሕር ነው፤ እጄም ወደ ባሕሩ ሲጠቁም አይቷል። ሐጂ ከወጡ በኋላ መርፌውን አስቀመጠና፣ «ባሕር የገባው መጽሐፍ ይኸ ከላይ ያለው ነው?» አለኝ። ብራናዬን ማለስለሴን ቀጠልሁ። እሱም የአባቱን ነገር ነገረኝ፤ አባቱ ከሰንዓ ሲወጣ የቤታቸውን መጽሐፍ ለታላቅ ወንድሙ ትቶ፣ የሙታኑን ስም ገልብጦ ይዞ እንደመጣ። «አንተ ጸሐፊ አይደለህም እንዴ?» አለኝ። «ስለምን ገልብጠህ አትልክም?»

ይህን እኔም ሳላስበው አልቀረሁም። የወሰኑን ቅጠል መገልበጥ የአንድ ቀን ሥራ ነበር። ግን ቅጅ መላክ ባሕር ያልወሰደው መሆኑን መናገር ነው። አንድ ውሸት እንዲህ ነው፤ ከኋላው ያለውን በር ሁሉ ይቆልፋል። ማሳው እንደ ተወሰደ በሚቀጥለው ዓመት ሰማሁ። አባታችን ገብስ ይዘራበት የነበረው ነው።

ከዚያ በኋላ ምግብና እንቅልፍ አጣሁ ብል ሐሰት ይሆናል። በላሁ፣ ተኛሁ፣ ዓረብኛ ተማርሁ፣ ከኡስታ ይሕያም ጋር ተላመድን። በየዓመቱ ወንጌሉን ተሸክሜ ወደ ሹሙ እሄዳለሁ፤ ፈረንጁ፣ «አሁንም አልተሸጠም?» ይለኛል። «ገበያ የለም» እላለሁ። አዝኖልኝ ያውቃል፤ ዋጋ ቀንስ ብሎም መክሮኛል።

በሰባተኛው ዓመት ከአገር ቤት የሚመጣው ወሬ ተለወጠ። ከብቱ አለቀ አሉ። በመጀመሪያ የተጋነነ መሰለን። ሐጂ ኑርዬ ሲመጡ ግን ፊታቸው ራሱ ወሬ ነበር። ከዚያ ሁሉ ግመል ጥቂት ብቻ ይዘው ነው የደረሱት። ከሱቁ ደፍ ላይ ተቀምጠው ውሃ ጠይቀው ጠጡ፤ ከዚያ ቀስ እያሉ አወሩ። በሬ በማሳው ላይ እንደወደቀ፣ የሚያርስ እንደጠፋ፣ ሰው በዶማ መሬት ቆፍሮ ሊዘራ እንደሞከረ። ዘነበችም እናቷም ሞተዋል።

«ልጅቷስ?» አልሁ።

«ቄሱ ዘንድ ናት። እናቷ በተቀበረች ዕለት ሄደው በእጃቸው ይዘዋት ገቡ።»

ወንድሜ ልጅ አልወለደም፤ ሚስቱም ቀድማው ሞታለች። የቀረውን መሬት ለስንዱ ሊያወርሳት ፈለገ። የአጎታችን ልጆች ሽማግሌ ሰብስበው ተቃወሙ፤ የሸክላ ሠሪ ልጅ ከእኛ አጥንት የላትም፣ አባቷም ልጄ ነች ብሎ ያስመዘገበበት የለም አሉ። ሐጂም በዚያ ቀን ለምስክርነት ተጠርተው ነበር፤ እኔን ያወረዱኝ እሳቸው ናቸውና። ጋሼ መስቀሉን ይዞ ተነሣ አሉኝ። በዕድሜው ሙሉ ምሎ የማያውቅ ሰው፣ ሰውን ሁሉ አትማሉ እያለ የሚገሥጽ ሰው፣ በጉባኤው ፊት ማለ።

«እንዲህ ነው ያሉት» አሉ ሐጂ። «‹ወንድሜ ከመሄዱ በፊት ስሟን በወንጌሉ ላይ በፊቴ ጽፎታል። ከሱ ስም ሥር ወለተ ኪዳን ይላል። መጽሐፉ ባሕር ቢገባ እኔ አለሁ።› ሽማግሎቹ አመኗቸው። እሳቸው ምለው ማን አያምንም? መሬቱ የልጅቷ ሆነ።»

እጄ ላይ የነበረው ብራና ወደቀ። ሐጂ ግን አልጨረሱም።

«ስመጣ ጠሩኝ። እኔ ከሃይማኖታቸው ውጭ ስለሆንሁ ይመስለኛል ለእኔ የነገሩኝ። ‹ኑርዬ፣ በሐሰት ማልሁ፤ ወንድሜ አልጻፈም፣ የከለከልሁት እኔ ነበርሁ። ለልጁ ስል ነው በለው። ይጸልይልኝ› አሉ። ከዚያ ቀን ጀምረው ቀድሰው አያውቁም። ከመቅደስ ውጭ ከሕዝቡ ጋር ነው የሚቆሙት። ሰው ሕመም ይመስለዋል።»

ደረጃውን እንዴት እንደወጣሁ አላስታውስም። ወንጌሉን አውርጄ ከሐጂ ጉልበት ላይ አስቀመጥሁትና ቅጠሉን ገለጥሁ። ሐጂ የእኛን ፊደል አያነቡም። ጣታቸውን ይዤ ከስሟ ላይ አሳረፍሁት።

«ወለተ ኪዳን ይላል» አልኋቸው። «ከእኔ ስም ሥር ነው። ጋሼ እንዳለው፣ ቃል በቃል።»

ሐጂ ጣታቸውን አላነሡም። «ባሕር አልወሰደውም» አሉ።

«አልወሰደውም።»

ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅሁ። አልሰደቡኝም። መጽሐፉን ዘግተው ለወንድሜ ሊያደርሱ ተቀበሉኝ፤ ገና ያልጨረሱትን ጉዳይ ለባልደረባቸው ትተው በሁለተኛው ቀን ተነሡ። ጀልባው ጋ ስሸኛቸው፣ «አንተስ አትሄድም?» አሉኝ። መጽሐፉ ይቅደም፣ እኔ እከተላለሁ አልሁ። ሐጂ አዩኝ፤ ከሰባት ዓመት በፊት ቀለም የለኝም ስላት ዘነበች ያየችኝ ዓይነት አያየት ነበር።

በዚያ ዓመት ባዶ እጄን ወደ ሹሙ ሄድሁ። መጽሐፉ የት አለ አለኝ። ሄደ አልሁ። ፈረንጁ ደስ አለው፤ «በመጨረሻ ገዢ ተገኘለት?» አስባለ። «ባለቤቱ ዘንድ ሄደ» አልሁ። ተርጓሚው ተሸጠ ብሎ ነገረው፤ ፈረንጁም እንኳን ደስ ያለህ ብሎ እጄን ጨበጠ። በመዝገቡ ላይ መጽሐፍ ጠራዥ ብሎ ጻፈኝ። የባሪያው መዝገብ፣ ስንት ዓመት ሙሉ የፈራሁት፣ ከጠረጴዛው ላይ እንኳ አልነበረም።

ሐጂ ኑርዬ የተመለሱት ባለፈው ወር ነው። ኡስታ ይሕያ ሲያያቸው ሥራውን አቁሞ ወደ ጓዳ ገባ፤ እንዲህ ያለ ጨዋነት ያሳየኝ ያን ቀን ብቻ ነው። ሐጂ የደረሱት ጋሼ በተቀበረ በስምንተኛው ቀን ነው። ሕመሙ አጭር ነበር አሉ። ወንጌሉ ባሕር እንዳልገባ፣ ስሟም እንደ ተጻፈ፣ የማለውም እውነት እንደሆነ ሳይሰማ ሄደ። አንድ ሳምንት ቀድመው ቢሆን ኖሮ። እኔ ሰባት ዓመት ቀድሜ ቢሆን ኖሮ።

ሐጂ መጽሐፉን ይዘው ሽማግሎቹን ሰበሰቡ። ዲያቆኑ በጉባኤው ፊት ቅጠሉን ከፍቶ አነበበ፤ የአጎታችንም ልጆች ሰሙ። የታችኛውም ማሳ ነገር እንደገና ይታያል እየተባለ ነው። ልጅቷን አምጥተው ስሟን አሳዩአት። ጐንበስ ብላ ብዙ አየችው አሉ፤ ፊደል ግን ገና አልቆጠረችም።

«ወደ አባትሽ ልመለስ ነው፣ ምን ብዬ ልንገረው አልኋት» አሉ ሐጂ።

«ምን አለች?»

ሐጂ ወደ መንገዱ ዞረው ያልፉ የነበሩትን ግመሎች አዩ።

«‹የትኛው አባቴ?› አለችኝ።»

ሐጂን የማላውቀውን ሁሉ ልጠይቃቸው ነበር፤ ማን ዘንድ እንደምታድር፣ ምን እንደምትበላ፣ ድምፅዋ የማንን እንደሚመስል። አፌ ላይ የመጣው ግን ሌላ ነው፤ ምን ያህል አድጋለች አልኋቸው። ሐጂ እጃቸውን ዘርግተው ከተቀመጡበት ከፍታዋን አሳዩኝ። ከዚያ መንገዱ ስንት ወር እንደፈጀባቸው ያሰቡ ይመስል፣ እጃቸውን ትንሽ ከፍ አደረጉት።